ምግብ የሚመርጥ ልጅ ይዞ ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ መብላት፦ ደረጃ በደረጃ

ኦርላንዶ ለመሄድ የወሰነ ቤተሰብ ብዙ ነገር ያስባል። የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል፣ የፓርክ መግቢያ፣ የትኛው መጫወቻ ጋ መቼ እንደሚሰለፍ። ምግቡ ግን «እዚያ ስንደርስ የሆነ ነገር እንበላለን» ተብሎ ይታለፋል። ያገኘውን የሚበላ ልጅ ላለው ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ልጁ ፓስታ ያለ ስጎ፣ ዳቦ ያለ ቅርፊት፣ ሙዝ ያለ ጥቁር ነጥብ ካልሆነ የማይነካ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሙቀቱ፣ ሰልፉና የተራበው ልጅ አንድ ላይ ሲመጡ ቀኑ ከምሳ በፊት ያልቃል።

እዚህ የማወራው ፍሎሪዳ ስላለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ነው። አራት ፓርኮች አሉት፦ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ እና አኒማል ኪንግደም። ሰዓቱን ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። 11 ሰዓት ስል ረፋድ ማለቴ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አቋሜን ልናገር። አንደኛ፣ ልጅን አዲስ ምግብ ማስለመድ የቤት ሥራ ነው። ያን ሁሉ ብር ከፍሎ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሚኪ ማውስ ከጎን ቆሞ፣ «አንድ ብሮኮሊ ብቻ» እያሉ መለመን ለማንም አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ የልጆች ምግብ ዝርዝር በየምግብ ቤቱ በአብዛኛው ያው ነው። የዶሮ ተንደርስ (ረዘም ብሎ የተቆረጠ የዶሮ ጥብስ)፣ ማክ ኤንድ ቺዝ (መኮሮኒ በቺዝ)፣ በርገር፣ ፒዛ፣ አንዳንዴ ፓስታ። ስለዚህ ምግብ ቤት የሚመረጠው በልጁ ሳህን አይደለም። በክፍሉ ጫጫታ፣ በብርሃኑ፣ በሚያስጠብቀው ጊዜና እናንተ ወላጆች በምትበሉት ነው። ቀሪው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

1. የሚበላውን በወረቀት ላይ አስፍሩ

ከጉዞው ሁለት ወር ያህል ቀደም ብላችሁ ልጁ በእርግጥ የሚበላውን ጻፉ። «ፓስታ ይወዳል» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ምን ዓይነት ፓስታ? በቅቤ ነው በባዶው? መኮሮኒ ነው ወይስ ረጅሙ? ማክ ኤንድ ቺዝ የሚበላ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከሱፐርማርኬት ካርቶን የሚወጣውን ብርቱካናማ ነው። ምግብ ቤት ነጣ ያለ፣ ከላዩ የዳቦ ፍርፋሪ የተነሰነሰበት ሲመጣለት «ይሄ አይደለም» ብሎ ይገፋዋል። ናጌት የሚበላውም ረጅሙን ተንደርስ ሲያይ ላያምነው ይችላል።

ዝርዝሩን በሦስት ክፈሉት። የትም ቢሆን የሚበላው፣ ቤት ውስጥ ብቻ የሚበላው፣ ሲርበው የሚበላው። ለዚህ ጉዞ የሚጠቅማችሁ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ነገር ብቻ ከሆነም ይበቃል።

አዲስ ምግብ መፍራት በልጆች ላይ በጣም የሚበረታው ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የማያውቁትን ምግብ እስኪቀበሉ ድረስ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ማየት የሚያስፈልጋቸው ብዙ ናቸው። ይሄን የምለው እናንተ ስላበላሻችሁት እንዳይመስላችሁ ነው። ልጁ ግን የሚበላው በጣቶች የሚቆጠር ብቻ ከሆነ፣ ኪሎው ካልጨመረ፣ ምግብ ሲያይ የሚያስመልሰው ከሆነ ጉዳዩ ከመምረጥ ያለፈ ነው። ሐኪም ጋ መሄድ ይቀድማል።

2. ሜኑውን ቤት ሆናችሁ እዩ

የዲዝኒ ወርልድ ድረ ገጽና ማይ ዲዝኒ ኤክስፒሪየንስ የሚባለው አፕ የምግብ ቤቶቹን ሜኑ ከነዋጋው ያሳያሉ። ትኬት ሳትገዙም ማየት ትችላላችሁ። አንድ ምሽት ከልጁ ጋር ቁጭ በሉና ፎቶዎቹን አሳዩት። «የትኛውን ትፈልጋለህ?» አትበሉት፤ ወሰኑ የማይታወቅ ጥያቄ ነው። ሁለት ነገር አቅርቡለትና አንዱን ይምረጥ። ቀድሞ ያየው ሳህን ፊቱ ሲቀመጥ እንግዳ አይሆንበትም።

ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነገሮች አሉ። የልጆች ምግብ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ማጀቢያና ከመጠጥ ጋር ነው የሚመጣው። ዲዝኒ በ2006 የልጆች ምግብ መመሪያውን ስለቀየረ፣ ፍራይስ (የድንች ጥብስ) እና ለስላሳ መጠጥ በራሳቸው አይመጡም። ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ወተት፣ ውኃ የመሳሰለው ነው የሚቀድመው። ልጃችሁ ያለ ፍራይስ የማይበላ ከሆነ ስታዙ ተናገሩ።

ዕድሜም ዋጋ ይለውጣል። በዲዝኒ ወርልድ ልጅ የሚባለው ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለው ነው። 10 የሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቡፌ ላይ በነፃ ይበላል። ይሄ የሚያናድደው የ10 ወይም የ11 ዓመት መራጭ ልጅ ያላቸውን ነው። የአዋቂ ቡፌ ከፍሎ አንድ ሳህን ባዶ ፓስታ ማየት ያማል። እንደዚህ ያለ ልጅ ካላችሁ ቡፌውን ተዉትና ቆማችሁ ከምታዙበት ፈጣን ምግብ ቤት ብሉ። እዚያ የልጆች ምግብ ያዘዘውን ሰው ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። ትንሽ የሚበላ አዋቂም ሊያዘው ይችላል።

3. ክፍሉን ምረጡ

ብዙ ጊዜያችሁን መውሰድ ያለበት ይሄ ነው።

ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ኮዝሚክ ሬይስ የሚባል ትልቅ ፈጣን ምግብ ቤት አለ። በርገርና ዶሮ ነው፤ መድረክ ላይ ኦርጋን እየመታ የሚዘፍን የሌላ ዓለም ፍጡር አሻንጉሊት አለ። ልጁ እሱን እያየ ሳያውቀው ይበላል። ግን ጫጫታ ነው። ድምፅ የሚያስጨንቀው ልጅ ካላችሁ ኮሎምቢያ ሃርበር ሃውስ ሄዳችሁ ፎቅ ላይ ውጡ። ብዙ ሰው ወደ ላይ መውጣት ስለሚታክተው ከታችኛው የተሻለ ጸጥታ አለው። ለወላጆች ዓሣ መኖሩም አንድ ነገር ነው።

አኒማል ኪንግደም ውስጥ ለእኛ ሰው ምላስ የሚሆነው ሳቱሊ ካንቲን ነው። ሩዝ ወይም ሌላ መሠረት ትመርጣላችሁ፤ ከላዩ ሥጋ ወይም ቶፉ ይደረግበታል። ሁሉም ነገር ተለያይቶ ስለሚታዘዝ «ነጭ ሩዝና ዶሮ፣ ሌላ ምንም» ማለት አይከብድም። እዚያው ፓርክ ውስጥ ያለው ተስከር ሃውስ ደግሞ ቡፌ ነው፤ ዶናልድ ዳክና ጓደኞቹ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራሉ። የአፍሪካና የሕንድ ቅመም ያለበት ምግብ ከልጆች ምግብ ጎን ለጎን ይቀርባል። ወላጅ አልጫ የሆነ ዶሮ መብላት ሲሰለቸው የሚያስታውሰው ቦታ ነው።

ኤፕኮት ውስጥ ጋርደን ግሪል አለ። ምግብ ቤቱ ራሱ ቀስ ብሎ ይዞራል። ምግቡ በትሪ ጠረጴዛችሁ ድረስ ይመጣል፣ ሲያልቅ ይደገማል። ቺፕና ዴል የሚባሉት ሽኮኮዎች ይመጣሉ። የቡፌ ሰልፍ ለማይችል ልጅ ከቡፌ ይሻላል እላለሁ። እዚያው ኤፕኮት የሜክሲኮው ሕንፃ ውስጥ ያለው ሳን አንጄል ኢን ደግሞ ሁልጊዜ ምሽት የሚመስል ጨለማ ቦታ ነው። አንዳንዱ ልጅ ይረጋጋበታል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። የእናንተን ታውቁታላችሁ።

ሆሊውድ ስቱዲዮስ ላይ ሁለት ቦታ ልጥቀስ። ሳይፋይ ዳይን ኢን የሚባለው ውስጥ ጠረጴዛዎቹ መኪና ናቸው። መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ የድሮ ፊልም ቅንጭብ እያያችሁ ትበላላችሁ። ጨለማው ለመራጭ ልጅ ይጠቅማል፤ ፍራይሱ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ነገር አያያትም። ችግሩ ቤተሰቡ በየረድፉ ተከፋፍሎ መቀመጡ ነው። ትንሹን ከጎናችሁ አድርጉ።

ሁለተኛው ፊፍቲስ ፕራይም ታይም ካፌ ነው። እዚህ አስተናጋጆቹ እንደ እናት፣ እንደ አክስት፣ እንደ አጎት ሆነው ነው የሚያስተናግዱት። ክርንህን ከጠረጴዛ አንሳ፣ አትክልትህን ጨርስ፣ እጅህን ታጥበሃል? ይላሉ። ያደግንበት ቤት ነው እኮ! ለእኛ ሳቅ ነው። አትክልት በመጣ ቁጥር ቤት ውስጥ ጦርነት ላለበት ልጅ ግን ቀልድ ላይሆን ይችላል። ዓይን አፋር ልጅ ካለ ወይም ቦታውን ዝለሉት፣ ወይም ገና ስትቀመጡ ለአስተናጋጁ በቀስታ «ልጁን ተዉት፣ እኛን ቆጡን» በሉት። ጨዋታውን ወደ አባትየው ያዞሩታል፣ ልጁም ደስ ይለዋል።

ከፓርኩ ውጪ ኮንተምፖራሪ ሆቴል ውስጥ ያለው ሼፍ ሚኪስ የሚኪ ማውስ ቡፌ ነው። የፓርክ ትኬት አያስፈልገውም። ሞኖሬል የሚባለው የዲዝኒ ባቡር በሕንፃው መሃል ሲያልፍ ይታያል። በጣም ይጮኻል። አኒማል ኪንግደም ሎጅ ውስጥ ያለው ቦማ የአፍሪካ ምግብ ቡፌ ነው፣ ለልጆችም የራሳቸው ምግብ አለ። ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ለእድሳት የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ ክፍት መሆኑን አፑ ላይ እዩ። ሬይንፎረስት ካፌ ደግሞ በየመሃሉ ሰው ሠራሽ ነጎድጓድና መብረቅ ያሰማል። ልጃችሁ የቤት መጥረጊያ ማሽን ድምፅ የሚፈራ ከሆነ እዚያ አትግቡ።

4. ቦታ አስይዙ፣ ሰዓቱን ግን ከሰው አጣሙት

አስተናጋጅ ያለባቸው ምግብ ቤቶች ቦታ ማስያዝ የሚጀምረው ከ60 ቀን በፊት ነው። ዲዝኒ ሆቴል የሚያድር ሰው ከመግቢያ ቀኑ 60 ቀን ሲቀረው የቆይታውን እስከ 10 ቀን በአንድ ጊዜ ማስያዝ ይችላል። ካራክተሮች (እንደ ሚኪና ዶናልድ ያሉት በየጠረጴዛው የሚዞሩት) ያሉባቸው ምግብ ቤቶች ቶሎ ስለሚያልቁ ማለዳ ተነሱ። የምትኖሩት ሲያትል ወይም ሎስ አንጀለስ ከሆነ የኦርላንዶ ሰዓት በሦስት እንደሚቀድም አትርሱ።

አብዛኞቹ ላይ ከሁለት ሰዓት በፊት መሰረዝ ይቻላል። ካልሰረዛችሁና ካልመጣችሁ በሰው 10 ዶላር ይቆረጣል። አንዳንዶቹ ቀድመው ሙሉ ክፍያ ስለሚቀበሉ የእያንዳንዱን ደንብ አንብቡ። የሁለት ሰዓቱ ደንብ ለመራጭ ልጅ ወላጅ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ጠዋት ላይ ከተበላሸበት የምሳውን ትሰርዙና ወደ ፈጣን ምግብ ቤት ትዞራላችሁ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከ12 እስከ 1:30 እና ከምሽቱ 6 እስከ 7:30 ሁሉም ሰው ይራባል። እናንተ 11 ሰዓት ላይ ምሳ፣ 4:30 ላይ እራት ብሉ። ከጁን እስከ ኦገስት ባለው የአሜሪካ በጋ ኦርላንዶ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ዶፍ ይጥላል። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ምግብ ቤት ይሮጣል። ሰማዩ ሲጠቁር ቀድሞ መግባት ነው።

ለካራክተር ምግብ ከተጠየቅሁ ቁርስ እላለሁ። የቁርስ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከእራቱ ይቀንሳል። ዋናው ግን የቁርስ ምግብ በባሕርዩ ቀለል ያለ መሆኑ ነው። ዋፍል፣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ፍራፍሬ። ስጎ የለ፣ ቅጠል የለ። የሚኪ ቅርፅ ያለውን ዋፍል እምቢ የሚል ልጅ ብርቅ ነው። የመጨረሻውን የቁርስ ሰዓት ካስያዛችሁ ምሳንም ይተካል። ሆቴል ውስጥ ጠዋት አንድ ሙዝና ወተት ሰጥታችሁ ውጡ።

5. ቦርሳችሁ ውስጥ መጠባበቂያ ይኑር

ዲዝኒ ወርልድ ከቤት ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅዳል። ማሞቅ የሚፈልግ መሆን የለበትም። የመስታወት ጠርሙስ አይገባም፤ የሕፃን ምግብ ትንንሽ ብርጭቆ ግን ይፈቀዳል። አልኮል ክልክል ነው። ኩለር (ምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን) ከያዛችሁ ከ61 በ38 በ46 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ። የተበተነ በረዶና ደረቅ በረዶ አይገባም፤ ፍሪዘር ውስጥ የሚቀዘቅዘውን ፕላስቲክ (አይስ ፓክ) ያዙ።

ምን ልያዝ ለሚል፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ዝርዝር «የትም የሚበላው» ከሚለው ውሰዱ። ዳቦ ቆሎ ሙቀትም መንቀጥቀጥም ይችላል። ድፎ ዳቦ ቆርጦ በፕላስቲክ መጠቅለል ነው። በሶ ለሚወድ ልጅ ዱቄቱን ከስኳር ጋር ቀላቅላችሁ በትንሽ ዕቃ ያዙና ውኃ ጨምራችሁ በጥብጡለት። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን ከ4 ዓመት በታች ላሉ አይሆንም፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ በተለይ እየሮጡ ሲበሉት። እንጀራ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ድርቆሽ ከያዛችሁ ሆቴል ውስጥ ፍርፍር መሥራት ይቻላል፣ ፓርኩ ውስጥ ግን ባዶውን ጥቅልል አድርጎ መስጠት ይቀላል።

በየፓርኩ ቤቢ ኬር ሴንተር የሚባል ቦታ አለ። የሕፃን ወንበር፣ ማይክሮዌቭ፣ ማጥቢያ ክፍል አለው፤ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ትንንሽ ልጅ ያላችሁ ገና ስትገቡ የት እንዳለ ካርታው ላይ ፈልጉት።

ውኃ ከገዛችሁ ኪሳችሁ ይራቆታል። የለስላሳ መቅጃ ያላቸው ፈጣን ምግብ ቤቶች ስትጠይቁ በረዶ ያለበት ውኃ በነፃ ይሰጣሉ። የፍሎሪዳ ውኃ ጣዕም ግን ለየት ይላል፤ አፍንጫው ቶሎ የሚሰማው ልጅ «ይሸታል» ይላል። ትንሽ ሎሚ ጠብ ማድረግ ይረዳል።

6. ምግብ ቤት ስትገቡ

ፈጣን ምግብ ቤት ከሆነ ካሸር ጋ አትሰለፉ። በአፑ ላይ እዘዙ። ጠዋት ላይ የምሳውን ሰዓት መርጣችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ፤ ስትደርሱ «መጥቻለሁ» የሚለውን ስትነኩ ማዘጋጀት ይጀምራሉ። ሽንኩርት፣ ቺዝ፣ ሶስ ማስቀረት ብዙዎቹ ላይ ስለሚቻል በእርጋታ ቤንች ላይ ተቀምጣችሁ ነካኩት። አንዱ ወላጅ ምግቡን ሲያመጣ አንዱ ከልጁ ጋር ቦታ ይያዝ።

አስተናጋጅ ባለበት ምግብ ቤት ገና ስትቀመጡ የልጁን ምግብ እዘዙ፣ «ቀድሞ እንደደረሰ ይምጣለት» በሉ። ሶሱ ለብቻ፣ ምግቦቹ ሳይነካኩ። ባዶ ሳህን አስመጡና የማይፈልገውን እናንተ አንሱለት። ሜኑ ላይ የሌለ ባዶ ፓስታ ወይም ሩዝ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ይሠራሉ።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ። ልጁ ስለማይወደው ብቻ «አለርጂ አለበት» አትበሉ። አለርጂ ሲባል ወጥ ቤቱ ሥርዓቱን ይቀይራል። ለብቻ ዕቃ፣ ለብቻ ዝግጅት፣ አንዳንዴ ሼፉ ራሱ ይመጣል። ምግቡ ይዘገያል፤ በእርግጥ አለርጂ ያለባቸውን ልጆችም ተራ ትሻማላችሁ። «አይወድም» ብሎ መናገር ነውር የለውም። እውነተኛ አለርጂ ካለ ቦታ ስታስይዙም ስትቀመጡም ተናገሩ።

ቡፌ ላይ መጀመሪያ ሳህን ሳትይዙ ከልጁ ጋር አንድ ዙር ዙሩ። ያይ፣ ያሽት። ከዚያ ከሚያውቀው ሁለት ነገር፣ ከማያውቀው አንዲት ቁራሽ። ቁራሿን ባይነካት ዝም በሉ።

ካራክተሩ ሲመጣ መብላት ይቆማል። ስለዚህ ከመምጣቱ በፊት የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች ያግኝ። ትልቁን ጭንቅላት የሚፈሩ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ለአስተናጋጁ ከነገራችሁት ከሩቅ እጁን አውለብልቦ ያልፋል። ፎቶው ይቅር።

ጣፋጩን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ ብዙ ሰው አይቀበለውም። አይስክሬሙን እንደ ሽልማት አታስቀምጡት። ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ አንድ ድርሻ ጣፋጭ ከምግቡ ጋር አብሮ እንዲቀርብ ትመክራለች። ልጁ መጀመሪያ አይስክሬሙን ይልሳል። ከዚያ ግን ጠረጴዛው ላይ የሚደራደርበት ነገር ስለሌለ ወደ ዶሮው ይመለሳል። ሁሌም አይሠራም። ከልመናው ግን ይሻላል።

7. አያት አብረው ካሉ

የእኛ ቤተሰብ ዲዝኒ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም። እማማ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ አክስት አለች፣ የአክስት ልጆች አሉ። «ልጁ ምንም አልበላም እኮ!» የሚለው ድምፅ ከዚያ ይመጣል። የእኔ እናት የልጅ ልጇ ባዶ ሆዱን ከሚሮጥ ሚኪ ማውስ ቢቀርባት ትመርጣለች።

ጉርሻውን መከልከል ጠብ ነው። በጉዞው ላይ ሥራ መስጠት ግን ይቻላል። የመጠባበቂያውን ቦርሳ ለእማማ ስጡ። ዳቦ ቆሎው፣ ሙዙ፣ ውኃው በእጃቸው ይሁን። ልጁ ሲርበው ወደ እሳቸው ይሄዳል፣ እሳቸውም አበላሁት ብለው ያርፋሉ። ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ለብቻቸው አስረዷቸው። ሳተር የምትለው ቀላል ነው፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ መብላቱንና መጠኑን ልጁ ይወስናል። እማማ ላያምኑበት ይችላሉ። አንድ ሳምንት ይታገሱላችሁ።

ጾም ካለ ደግሞ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ቤተሰብ የሚጓዝበት ወቅት ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ ልጆችም የሚወዱት ጾም ነው። ዲዝኒ ሜኑዎቹ ላይ የቅጠል ምልክት ያደርጋል። ምልክቱ ያለበት ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የለበትም። ስለዚህ እማማን «ሰላጣ ብቻ ነው ያለው» ብላችሁ አታሳዝኗቸው። ፍራይሱ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ እንዳይሆን የሚጨነቅ ሰው ካለ ጠይቁ። ዶል ዊፕ የሚባለው የአናናስ አይስክሬም ወተት የለበትም፤ ከቫኒላ ጋር የተቀላቀለው ግን አለበት። የሚጾም መራጭ ልጅ ካላችሁ ይቺ አንድ ነገር ነፍስ ታድናለች።

አሳማ የማይበላ ቤተሰብ ቁርስ ላይ ይጠንቀቅ። ቤከንና ሶሴጅ ከሁሉም ጋር ይመጣሉ። ፔፐሮኒ ፒዛ፣ ሆት ዶግ፣ ሚትሎፍ፣ ባቄላ ውስጥም ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ። ማርሽማሎው ውስጥ ያለው ጄላቲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው፤ የሚኪ ቅርፅ ያላቸው የሩዝ ጣፋጮች የሚያያዙት በማርሽማሎው ነው። በየመንገዱ የሚሸጠው ትልቁ የእግር ጥብስ ግን የተርኪ ነው። በጨው ተቀምሞ በጭስ ስለበሰለ ቀለሙም ጣዕሙም አሳማ ይመስላል እንጂ አሳማ አይደለም። ሐላል የሚፈልግ ቦታ ሲያስይዝ ቀድሞ ይጠይቅ፤ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ዓሣና ቅጠል ምልክት ያለበት ምግብ ቀላሉ መንገድ ነው።

8. ምንም አልበላም ሲል

መጀመሪያ አቀዝቅዙት። በኦገስት ኦርላንዶ ከ32 ዲግሪ ይበልጣል፣ እርጥበቱ ደግሞ ለብቻው ነው። የሞቀው ልጅ አይርበውም። አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ቤት ውስጥ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ከዚያ ጠይቁት።

እምቢ ካለ ዝም ብላችሁ የእናንተን ብሉ። በእርግጥ ብሉ፤ ወላጅ ሲራብ ጠብ ይመጣል። የእሱን ሳህን አታንሱበት፣ አትገፉበትም። ብዙ ልጆች የሚያያቸው ሰው ሲያጡ እጃቸውን ይሰዳሉ። ካልበላ የቀረውን በዕቃ አስጠቅልሉና ውጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ተንደርስ የሚበላ ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

«ካልበላህ ወደ መጫወቻው አንሄድም» አትበሉ። ትኬቱን ከፍላችኋል፤ ዛቻውን እንደማትፈጽሙት እሱም ያውቃል። አንድ ቀን ወተት፣ ሙዝና ዳቦ ብቻ የበላ ጤነኛ ልጅ ምንም አይሆንም። ውኃው ላይ ግን ቀልድ የለም፤ ሽንት ቤት ሳይሄድ ረጅም ሰዓት ከቆየ ቁም ነገር ነው።

9. ሒሳብ

ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ታክስ የለበትም፤ 6.5 ከመቶ ይጨመራል። አስተናጋጅ ባለበት ቦታ ቲፕ ከ18 እስከ 20 ከመቶ ነው። 6 እና ከዚያ በላይ ሰው ከሆናችሁ 18 ከመቶው ቲፕ በራሱ ሒሳቡ ላይ ይገባል። ቢሉን ሳታነቡ ሌላ ቲፕ አትጨምሩ። እማማንና አክስትን ስትቆጥሩ 6 መሙላት ቀላል ነው፣ ትንሹም ልጅ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል።

ከፓርኩ ውጪ አንድ ምሽት ባዶ ተዉ። ኦርላንዶ ውስጥ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አለ። ቀድማችሁ ደውሉና ለልጁ ባዶ ፓስታ ይሠሩ እንደሆነ ጠይቁ።